ቴዎድሮስ የሚለው ስም ከየት መጣ?

«ለልጄ ቴዎድሮስ ልለው ነው፣ ስሙ የኛ ነው ወይስ የውጭ?» ላልከው፣ መነሻው ግሪክ ነው። ቴዎስ አምላክ፣ ዶሮን ስጦታ። ገልብጠህ ስታስቀምጠው ዶሮቴዎስ ይሆናል፣ ትርጉሙ ያው ነው። ወደኛ የገባው በቤተክርስቲያን በኩል ነው፤ ስንክሳር ላይ ጥር 12 የሚታሰብ ሰማዕቱ ቴዎድሮስ አለ። ስሙን ከፍ ያደረገው ግን ካሳ ኃይሉ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት ስለነበር፣ በ1847 ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ያንኑ ስም ለራሱ አደረገው። በ1860 መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ከጠጣ በኋላማ የጀግና ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሰፈር ውስጥ «ቴዲ!» ብለህ ብትጣራ ሁለት ሦስቱ ዞር ይላሉ። እኔ ብሆን አወጣለታለሁ፣ በጣም የምወደው ስም ነው።