ለዓሣ እርባታ ለምትነሡ ወጣቶች

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር አንድ ተመራቂ ወጣት በስፔን ጋሊሺያ ከተንሳፋፊ ርብራብ ላይ በተንጠለጠለ ገመድ የሚረባውን፣ ሙሰል የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ በስልኩ አሳየኝና «ጋሼ፣ ይህን ጣና ላይ አርብተን ወደ ውጭ መላክ አንችልም?» ሲል ጠየቀኝ። ጨዋማ የባሕር ውኃ ስለሚሻ ጣና ላይ እንደማይሆን ነገርሁት። ሙሰል የሚመሰገነው ቀለብ ሳይሰፈርለት ውኃ እያጣራ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ነገር ስለሚመገብ ነው፤ ሆኖም ውኃው መርዛማ ዋቅላሚ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ ዕፅ መሰል ነገር፣ ካለበት መርዙ በሥጋው ይከማቻል፣ ቢቀቀልም አይጠፋም፤ ስለዚህ ላኪዎች ምርቱን ከመሰብሰባቸው በፊት ያስመረምራሉ። ልጁ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ውኃው አልጠየቀኝም። የዛሬ ልጆች ከመዝራታችሁ በፊት ጎተራ ትለካላችሁ ብዬ ልቆጣው ስል፣ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

በጀማሪ ባለሙያነቴ ደምቢያ ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬን አግባብቼ ከማሳቸው ጥግ አሥር በአሥራ አምስት ሜትር ኩሬ አስቆፈርኋቸው። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ብለን ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ፣ የቆሮሶን፣ 300 ጫጩት ጨመርን፤ ዓሣው የሚመገበው ደቃቅ ነገር እንዲበቅል ፍግ እየጨመሩ ውኃውን አረንጓዴ እንዲያደርጉ አስተማርኋቸው፤ ደረቅ ዓሣ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ እንደሚሸጥም አወራሁላቸው። በአራተኛው ወር «ልጄ፣ የኩሬው ዳር በጫጩት ይርመሰመሳል» ሲሉኝ «እንኳን ደስ አለዎት!» አልሁ። ቆሮሶ ገና ሳያድግ እንደሚራባ፣ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙው እንደሚተርፍ፣ ከዚያም ያው ቀለብ ለሺህ አፍ ተከፋፍሎ ሁሉም እንደሚቀጭጭ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ወንድ ወንዱን ብቻ መርጦ ማስገባት፣ ወይም ቆሮሶው ጠንከር ሲል ጫጩቱን የሚለቅም አምባዛ የተባለ ሌላ ዓሣ ጥቂት መጨመር ይበቃ ነበር። እኔ ግን አለቆቼ የሚጠይቁኝ የተቆፈረውን ኩሬ ብዛት ስለነበር፣ ወደ ሌላ ቀበሌ ቸኮልሁ።

ግንቦት ላይ መረቡ ሲወጣ ከመዳፍ የሚበልጥ ዓሣ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩትና «ይህን ሁሉ የደከምነው ለድመት ነው?» አሉኝ። ልጃቸው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በዓመቱ አምባዛ ይዤ ብሄድ ኩሬውን ደፍነው ሽምብራ ዘርተውበታል። ቡና ግን አፈሉልኝ፤ ስለ ዓሣ አንድም ቃል አላነሡም።

እናም ልጁን ልቆጣው አይገባኝም ነበር፤ እሱ ቢያንስ ጠየቀ፤ እኔ በዕድሜው ማንንም አልጠየቅሁም። ጣና ዳር ወይም ደጋ ላይ ኩሬ ለመቆፈር የምታስቡ ካላችሁ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጎህ ሲቀድ የምትጠቀሙበትን ውኃ ሙቀት ለክታችሁ በደብተር ያዙ፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቆሮሶ እድገት ይዘገያልና። ያን ልጅም ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ የሱዳኑን ገበያ ከዚያ በኋላ እናወራለን።