ግራው የጠፋበት ገጽ

ጥያቄ፦ አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በግራ በኩል ያለው አይታያቸውም። ሲያነቡ መስመር ይጠፋባቸዋል፤ ሳህን ላይም ግማሹን ይተዋሉ። መነጽር ይቀየርላቸው?

መልስ፦ መነጽር መቀየር ብቻውን ይህን አይፈታም። የተጎዳው ዓይናቸው ሳይሆን በግራ በኩል የሚታየውን የሚተረጉመው የቀኝ አንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ አንዱን ዓይን ቢሸፍኑም በሌላው ግራው እንደጎደለ ነው።

ለንባብ በገጹ ግራ ጠርዝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ደማቅ ቀይ ወረቀት ያስቀምጡላቸው። መስመር በጨረሱ ቁጥር ቀዩን እስኪያዩ ዓይናቸውን ወደ ግራ ይመልሱ። ቀዩ ሳይታይ ማንበብ ከጀመሩ ከመስመሩ መሃል ገብተዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም የሚያጣው ለዚህ ነው። ጣትን የሚነበበው መስመር መነሻ ላይ ማቆየትም ይረዳል። ለምግቡ ሳህኑን ማዞር ይበቃል። መኪና ግን ሐኪም ሳይፈቅድላቸው አይንዱ።

ተነግሯቸውም ግራውን የሚዘነጉ ከሆነ፣ ያ የትኩረት ችግር ሊሆን ስለሚችል ልምምዱ ይለያል፤ ለነርቭ ሐኪማቸው ይንገሩ።