ቢጫው ጽድና የላብራቶሪው ወረቀት

ጠያቂያችን ደብረ ብርሃን አካባቢ የፈረንጅ ጽድ፣ የሐበሻ ጽድና የዝግባ ችግኝ ያፈላል። የፈረንጅ ጽዱ አዲሱ ጫፍ ቢጫ ሆኖበታል። ዩሪያ ቢሰጠውም ወይ ፍንክች። የሦስቱንም ቅጠል ቤት ውስጥ ከሰል ላይ አድርቆ ላብራቶሪ ላከ። ውጤቱ ግን የፈረንጅ ጽዱ ብረት ከሁለቱም ይበልጣል አለው። «ታዲያ ምን ጎደለው?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከሰሉን አውጣ። ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ጭስም ሽታም ሳታይ ይገድልሃል። ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት አድርገህ ጥላ ላይ አጠውልገው፤ የቀረውን ላብራቶሪው በ65 ዲግሪ ገደማ ያደርቀዋል።

እኔ የጠረጠርኩት አመድ ነው። አፈሩ ላይ አመድ ተጨምሯል አይደል? «ለምነት አለው» እያለ በባልዲ የሚደፋ ሰው አይጠፋም። አንድ የችግኝ ጣቢያ ስረከብ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው እንዲሁ አድርጎ አንድ መደብ ሙሉ ጽድ አስረክቦኛል፣ ቢጫ በቢጫ። አመድ የአፈሩን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፣ ማለትም ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል። ያኔ ብረቱ አፈር ውስጥ እያለ ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል።

ለምን ጫፉ ላይ? ይቺን ስናገር አልጠግብም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም መንገደኞች ናቸው። ሥሩ ሲያጣ ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ወደ ጫፍ ይልካቸዋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚገረጣው የታችኛው ነው። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከገቡበት ቤት አይለቁም። ሲጎድሉ የሚጎዳው አዲሱ ቅጠል ነው። ካልሲየም እንዲያውም ቅጠሉ ባረጀ ቁጥር ይከማቻል። ከዝግባው አሮጌ፣ ከጽዱ ለጋ ቆርጠህ ከላክህ ዕድሜ ነው ያወዳደርከው። ያንተ ጽድ ናይትሮጅን ቢያጣ ኖሮ ከታች ይጀምር ነበር፤ ናይትሮጅን የሚሰጠው ዩሪያ በከንቱ ሄደ።

ብረቱስ ለምን በዛ? የትኛው መደብ ነው መንገድ ዳር ያለው? የጽድ ቅጠል ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ አቧራ ይይዛል፣ አቧራ ደግሞ ብረት አለው። ሳታጥብ ከላክህ የተለካው መንገዱ ነው።

አሁን አፈሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርግ። አረፋ ካወጣ አፈሩ ኖራማ ነው፣ አመዱ ሳይሆን አይቀርም። አረፋ ባያወጣም ፒኤቹን አስለካ፤ ገበያ ላይ ያለውን ባትሪ የሌለው ባለ ሁለት ሹካ መለኪያ ግን አትመን፣ መጫወቻ ነው። ከ5.5 እስከ 6.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ7 ካለፈ ችግኞቹን ወደ አዲስ የደን አፈር፣ ፍግና አሸዋ አዛውራቸው። ለጊዜው ብረት ልስጥ ካልክ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚለውን የብረት ማዳበሪያ ግዛ። ርካሹ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለው እንዲህ ባለ አፈር ብረቱን ቶሎ ይለቀዋል፣ ብርህን ትበትናለህ።

ደግመህ ስትልክ የታመመውን የፈረንጅ ጽድ ከጤነኛ የፈረንጅ ጽድ ጋር አወዳድር። ዝግባ የራሱ ልክ አለው። እኩል ዕድሜ ያለው ቅጠል በአንድ ቀን ቁረጥ፣ በተጣራ ውሃ ቶሎ አለቅልቅ፣ ዚንክ የተለበጠ ባልዲ አትጠቀም። ዝናብ መጣ ብለህ ደግሞ ከሰሉን ወደ ቤት እንዳትመልስ።