ሳጥኑ ዕጣ ያወጣል ወይስ ሰው ያያል?

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአሮጌ የቪዲዮ ጌም ካሴት «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን እንጫወታለን። የጥያቄ ምልክት ያለበትን አንዱን ሳጥን እኔ ስመታው እንጉዳይ ይወጣል፤ ያንኑ ሳጥን እሱ ሲመታው አበባ ይሰጠዋል። ሳንቲም ከሚወጣበት ጡብም ሁልጊዜ ከእኔ አብልጦ ይለቅማል። «የዕድል ጉዳይ ነው» ይለኛል። እውነት ሳጥኖቹ ዕጣ ያወጣሉ?
(ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አብሽሩ፤ ዕድልዎ አልጠመመም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው በዚህ ጨዋታ፣ አበባና እንጉዳይ የሚወጣበት ሳጥን ምን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በተመታበት ቅጽበት ማሪዮ፣ ማለትም የሚያንቀሳቅሱት ገጸ ባሕርይ፣ ባለበት ሁኔታ ነው፤ ትንሽ ከሆነ የሚያሳድገው እንጉዳይ፣ ቀድሞ ካደገ ደግሞ እሳት የሚያስወረውረው አበባ ይወጣለታል። ወንድምዎ እዚያ የሚደርሰው አድጎ ነው፤ እርስዎን ግን መንገድ ላይ አንዱ ጠላት ነክቶ ያሳንስዎታል ማለት ነው። ሳጥኑ የእኛን የወሎን እመቤት ይመስላል፤ እሷም የመጣው እንግዳ ጾመኛ መሆን አለመሆኑን፣ የየትኛውን ወገን ሥጋ እንደሚበላ ሳታጣራ ገበታ አታቀርብም።

የጡቡ ነገር ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ ሲመቱት የማይታይ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ጊዜው እስኪያልቅ በተመታ ቁጥር አንድ ሳንቲም ይሰጥና በመጨረሻ ይደርቃል። ስለዚህ ከሥሩ ሳይነቃነቁ፣ እግርዎ መሬት እንደነካ መልሰው ይዝለሉ። መቶ ሳንቲም አንድ ላይፍ (ተጨማሪ ሕይወት) ነውና ችላ የሚባል አይደለም።

የሳጥኖቹ አቀማመጥም ታስቦበታል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚወጣው እንጉዳይ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ከዚያም ከአረንጓዴው ቧንቧ ጋር ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። የጨዋታው ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ እንዳስረዱት፣ እንጉዳዩን ጠላት መስሎት የሚሸሽ ጀማሪ ሳይወድ በግድ ነክቶት ጥቅሙን እንዲያውቅ ተብሎ የተደረገ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ በጌም ዓለም ብዙ የለም።

ሳጥኑ በኋላ መልኩን ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ሱፐር ማሪዮ 64» ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሳጥኖች ማብሪያቸው እስኪረገጥ ድረስ ቅርጻቸው ብቻ ይታያል እንጂ አይመቱም።

ዕጣ ያለው በመኪና ውድድሩ በ«ማሪዮ ካርት» ነው፤ እዚህ ላይ ለወንድምዎ ጥቂት እውነት እንተውለት። እ.ኤ.አ. በ1992 መሬት ላይ የተነጠፈው የጥያቄ ምልክት በ1996 ተንሳፋፊ ሳጥን ሆነ፤ ዕጣው ግን ያዳላል። ለመሪው ብዙውን ጊዜ የሙዝ ልጣጭ ይደርሰዋል፤ ኃይለኛ መሣሪያዎቹ ደግሞ ከኋላ ለቀሩት ያጋድላሉ።

ወንድምዎ አሁንም ካላመነዎት፣ ሆነ ብሎ በጠላት ተነክቶ እንዲያንስና ያንኑ ሳጥን እንዲመታ ያድርጉት።