የዓድዋ ፈረሰኛ ምን ይልበስ?

«የዓድዋ ፈረሰኛ ልሥል ነበር፤ ያገኘኋቸው ሥዕሎች ግን ልብሳቸው አይገጥምም። ትክክለኛው ዩኒፎርም የቱ ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ እኔም ፈረሰኛ ስሥል ስለኖርኩ የማውቀውን ልበልህ።

ዩኒፎርም የሚባል ነገር አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲባል ሰው የዘመተው ከቤቱ በለበሰው ነው። ነጭ ሱሪ፣ ሸማ፣ ጠመንጃ ያለው ደግሞ ዝናር። ስለዚህ ሥዕሎቹ ባይገጥሙ አይግረምህ። መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ ወስን። ተራ ፈረሰኛ ከሆነ ለምድ (በትከሻ ላይ የሚደረብ ካባ) እና ጎፈር (ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የራስ ጌጥ) አታልብሰው። የአንበሳ ጎፈር የሹምና የጀግና ነው። ለሁሉም ካደልከው ጦሩ በሙሉ ደጃዝማች ሆነ ማለት ነው!

እኔ ግን የሰው ሥራ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። ቡትስ ካየሁ አለቀ። የያኔው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነው የሚጋልበው። እርካቡም እንደ ፈረንጅ እርካብ ሙሉ እግር አያስገባም፤ ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። የሚገባባት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው፤ የቀሩት ጣቶች ከውጭ ናቸው። ይቺን በደንብ ከሣልክ ግማሹን ሥራ ጨረስክ። በ1920ዎቹ ቤልጂጎች ያሠለጠኑትን የክቡር ዘበኛን ልብስ አምጥቶ ዓድዋ ላይ የሚያለብስም አይቻለሁ። እሱ ሌላ ዘመን ነው።

ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ አስታጥቀው። ከፈረንጅ ሥዕል አቋቋም የሚቀዳ ሰው ሁሌ ግራ ላይ ያደርገዋል። ግራ ክንዱ ላይ ክብ የቆዳ ጋሻ ይኑር፤ በብር የተለበጠው የሹም ነው። ዓድዋ ላይ ጠመንጃ የያዘው ብዙ ቢሆንም ፈረሰኛው፣ በተለይ የኦሮሞ ፈረሰኛ፣ በእጁ የሚይዘውን ጦር አልጣለም።

የአገራችንን ሰዓሊዎች የዓድዋ ሥዕሎች ስድስት ኪሎ ሙዚየም ሄደህ እይ፤ ለቀለምና ለድባብ አቻ የላቸውም። ግን ሕጋቸው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ነው። ወገን ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ጠላት በጎን አንድ ዓይን ብቻ። ስለዚህ ለልብስ ብቻቸውን አትመናቸው፤ ከዘመኑ ፎቶዎች ጋር አስተያያቸው።

ለፈረሱም አትሰስት፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ለመሆኑ ጉዞውን ነው ውጊያውን የምትሥለው? ጉዞውን ከሆነ ሹሙን በቅሎ ላይ አስቀምጠው፤ ፈረሱ እየተሳበ ከኋላ ይከተል።