«ሻይ የመሰለውን ሽንት ብርድ ነው አልኩት»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ለዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ጃንዋሪ ላይ 205 ፓውንድ ነበር። ኮቹ ቦታ ሊቀይርለት ፈልጎ «ጨምር» ብሎት ሜይ ላይ 230 ገባ። የፕሮቲን ዱቄት በጥብጦ ይጠጣል፣ ክሬያቲን የሚባልም አለው። ሦስት ሳምንት እቤት አርፎ ወደ ልምምድ ተመለሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ጭኑ አብጦ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ሽንቱም ሻይ መሰለ። ብርድ መትቶት ነው ብዬ የተልባ ውሃና ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ሲፕሮ ሁለት ፍሬ ሰጠሁት። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ይውጣል። ሽንቱ በማግስቱ ጠራ። የኔ ጭንቀት ልቡ ነው። በ2018 እዚሁ ሜሪላንድ ልምምድ ላይ ታሞ የሞተውን ልጅ አልረሳሁትም። ይሄ ሁሉ ኪሎ ልቡን ያቆመው ይሆን? ሆርሞን እየወሰደ ቢሆንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ለብቻዎ አስቀድሜ ልኬልዎታለሁ፤ ተራ የሚጠብቅ ጉዳይ አልነበረም። እዚህ የማወጣው እንደ እርስዎ ልጅ ላላቸው ሌሎች ወላጆች ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ይረጋጉ። በሳምንት አራት ቀን ብረት የሚያነሳና ከቡድኑ ምግብ ቤት የማይጠፋ የ19 ዓመት ልጅ በአምስት ወር 25 ፓውንድ ቢጨምር የሚገርም አይደለም። ሁሉም ጡንቻ ነው ቢልዎት ግን አይመኑት። ከፊሉ ስብ ነው፣ ትንሹ ደግሞ ክሬያቲን ጡንቻ ውስጥ የሚይዘው ውሃ ነው። ክሬያቲን ስፖርተኞች ለጡንቻ ጉልበት የሚወስዱት ማሟያ እንጂ ሆርሞን አይደለም፣ በኮሌጅ ስፖርትም አልተከለከለም። ሆርሞን ከጠረጠሩ ቦርሳውን አይፈትሹ፤ ፊት ለፊት ይጠይቁት። ጀርባው ላይ የበዛ ብጉር፣ የጡት ማበጥ፣ ያልነበረበት ቁጡነት ካዩ ለሐኪም ይናገሩ። ኪሎው ልቡን ዛሬ አያቆመውም። የደም ግፊቱን ግን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ይለካ። ማንኮራፋት ከጀመረም ይንገሩኝ።

ያ ያልረሱት ልጅ ጆርዳን ማክኔር ነው። የገደለው የልብ በሽታ አልነበረም፣ የሙቀት ምት ነው፤ ሰውነቱ ከመጠን በላይ ግሎ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለእሱ ይሄ በጊዜው አልተደረገለትም።

አሁን ወደ ሽንቱ። በሁለት ቃል ያለፏት እሷ ናት ከመቀመጫዬ ያስነሳችኝ።

ብርድ አሉ? ወገባችንን ሲያመን ብርድ፣ ሆዳችን ሲነፋ ብርድ፣ አንገታችን አልዞር ሲል ብርድ። እሺ፣ በጁን፣ በዚያ በሜሪላንድ ወበቅ፣ ብርዱ ከየት መጣ? ሽንትን ሻይ ወይም ኮካ የሚያስመስል ብርድ የለም። ይሄ የጡንቻ መፍረስ ነው። ሐኪሞች ራብዶማዮላይሲስ ይሉታል፤ ልጅዎን ቢጠይቁት «ራብዶ» ይልዎታል፣ ተጫዋቾቹ ስሙን ያውቁታል።

ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይጎዳና ውስጡ ያለው ወደ ደም ይፈሳል። ሽንቱን ያጠቆረው ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ቀለም ነው። ኩላሊትን የሚጎዳውም እሱ ነው። አብሮት ፖታሲየም ይፈሳል፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ምት ይዛባል። አዩ፣ የፈሩት ልብ ጋ የሚደረሰው በኪሎው ሳይሆን በዚህ በኩል ነው።

ጊዜውም ይገጥማል። በጃንዋሪ 2011 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሦስት ሳምንት ያህል አርፈው ተመለሱ። እያንዳንዱ ማንሳት ከሚችለው ትልቁን ክብደት ግማሽ ተሸክሞ 100 ጊዜ ቁጭ ብድግ እንዲል ተደረገ፣ ያውም በሰዓት እየተለካ። ከቀናት በኋላ 13ቱ ሆስፒታል ተኙ። ሁሉም ድነዋል። ደካሞች አልነበሩም። ችግሩ ከእረፍት ማግስት ያን ያህል መጫኑ ነበር። የአሠልጣኞቹ የራሳቸው ማኅበራት በ2019 ባወጡት መመሪያ ከእረፍት የተመለሰ ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት ልምምዱ በግማሽ፣ በሁለተኛው በ30 በመቶ እንዲቀነስለት ይላሉ። ልጅዎ ይሄን ኮቹን መጠየቅ አያሳፍረውም።

«በማግስቱ ጠራ» ያሉት አያጽናናዎት። ማዮግሎቢን ከሽንት ቶሎ ይጠፋል፤ ጉዳቱ ግን ሊቀጥል ይችላል። ጭራሽ ሽንታቸው የማይጠቁር ሕመምተኞችም አሉ። ቁርጡን የሚናገረው ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚወጣውን ኢንዛይም የሚለካው፣ ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ ነው፣ ከኩላሊትና ከፖታሲየም ምርመራ ጋር። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ብዙ ፈሳሽ ነው። በጊዜ ከተደረሰ ይድናል።

እዚህ ላይ ልቆጣዎት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ሲፕሮ ምን ቤት ነው? ሲፕሮ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ልጁ ደግሞ ባክቴሪያ የለበትም። ይባስ ብሎ ሲፕሮ ጅማት ያሳሳል፤ በተለይ ከተረከዝ በላይ ያለውን ትልቁን ጅማት እስከመበጠስ ይደርሳል። ለሯጭ ልጅ! አይቡፕሮፌኑም የተጎዳ ኩላሊት ላይ ሌላ ሸክም ነው። ዛሬውኑ ያቁም። ተልባው አይጎዳውም፣ ግን ቀን አስጠፍቶብዎታል።

ስለዚህ ልጁ ዛሬ ደሙን ይመረመራል። ለቡድኑ ሐኪም ይናገር፤ «ቦታዬን እነጠቃለሁ» ብሎ ከተደበቀ እርስዎ ይዘውት ኢመርጀንሲ ይሂዱ። ክሬያቲን እንደሚወስድ ይንገሩ፣ የኩላሊቱን ውጤት ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል። ሽንቱ እንደገና ከጠቆረ፣ ሽንት ካነሰው፣ ወይም ልቡ ከተዛባበት ሌሊትም ቢሆን 911 ይደውሉ። ምርመራው ንጹሕ እስኪሆን ብረት አይነካም።

የቀረውን ሲፕሮ ደግሞ ለጎረቤት እንዳይሰጡ። እዚያ ብዙ ፋርማሲዎች የተረፈ መድኃኒት መጣያ ሳጥን አላቸው።