የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከዋቱ በፊት አንቴናው

ስለ መገናኛ ሬዲዮ የሚደርሱን ጥያቄዎች በመብዛታቸው የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬን የእጅ ሬዲዮ ልገዛ ነው። ሁለት መርጫለሁ፤ አንዱ 5 ዋት፣ ሌላው 10 ዋት ነው። የ10 ዋቱ ካርቶን ላይ «እስከ 30 ኪሎ ሜትር» ይላል። ጭማሪውን ብከፍል ያዋጣኛል?

መልስ፦ ልዩነታቸው ዋቱ ብቻ ከሆነ አያዋጣዎትም። የእጅ ሬዲዮ የሚሠራባቸው የቪኤችኤፍ (ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ) እና የዩኤችኤፍ (ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ) ሞገዶች ቀጥ ብለው ነው የሚጓዙት። የመሬት ክብነት ወይም ኮረብታ ከጋረዳቸው ጉልበት ቢጨመርላቸውም ብዙም አይሻገሩም። ርቀቱን ራስዎ ማስላት ይችላሉ። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ይውሰዱና ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ያባዙት፤ የሚያገኙት ቁጥር የሬዲዮ አድማሱ በኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የሁለቱን ወገን አድማስ ይደምሩ። ሬዲዮውን አፉ አጠገብ ይዞ የቆመ ሰው አንቴናው 1.5 ሜትር ላይ ቢሆን አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሜዳ ላይ፣ በመሐላቸው ቤትም ዛፍም ሳይኖር፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይደማመጣሉ። ከሁለቱ አንዱ አንቴናውን 10 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢሰቅል ርቀቱ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ያውም አንድ ዋት ሳይጨመር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 30 ኪሎ ሜትር ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ ሲሆን እውነት ነው። ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ግን 2 ኪሎ ሜትርም ሊያስቸግር ይችላል።

ከ5 ወደ 10 ዋት መውጣት 3 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ) ነው። የሲግናል መለኪያው አንድ እርከን ደግሞ 6 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ እጥፍ ኃይል የሚያስገኘው ግማሽ እርከን ብቻ ሲሆን፣ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሬዲዮውም እጅ ላይ ይግላል። በዚያ ገንዘብ ትርፍ ባትሪና የተሻለ አንቴና ይግዙ። ሲገዙም ፍሪኩዌንሲ በቁጥር ቁልፎቹ በቀጥታ የሚገባበት መሆኑን፣ ባትሪውም ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ገጠር ወይም ጫካ የሚሄዱ ከሆነ ቪኤችኤፍ ይመረጣል፤ ሕንፃ ውስጥ፣ በመስኮትና በኮሪደር ሾልኮ በማለፍ ደግሞ ዩኤችኤፍ ይሻላል። ሁለቱንም የያዘ ሬዲዮ ከገዙ ግን መምረጥም አያስፈልግዎትም።

አብሮት የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ሽቦው ተጠቅልሎ ያጠረ ነው። ለ145 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ትክክለኛ ርዝመት 49 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና። ሌላ አንቴና ከመግዛትዎ በፊት የሬዲዮውን ኮኔክተር አቅርበው ይዩ፤ መሐሉ ላይ መርፌ ያለው አለ፣ ቀዳዳ ያለውም አለ። የባኦፌንግ ዩቪ-5አር ሬዲዮ በራሱ ላይ መርፌ ስላለው ባለ ቀዳዳ አንቴና ነው የሚፈልገው። ሌላው ዘዴ ጭራ መጨመር ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ሽቦ ይቁረጡና ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ልጠው በአንቴናው ሥር ባለው የውጪ ብረት ዙሪያ ይጠምጥሙት፤ አንቴናውን መልሰው ሲያጠብቁ ሽቦው ተጨምቆ ይያዛል። የቀረው 49 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይንጠልጠል። የመሐሉን መርፌ መንካት የለበትም። ትንሽ ነገር ነው፤ በቪኤችኤፍ ግን ለውጡ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ ሪፒተሩን ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ፤ እኔ ስጠራ ግን ማንም አይመልስልኝም። ሬዲዮዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። ሪፒተር፣ ማለትም የሰማውን ወዲያው መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማል፣ በሌላ ይናገራል። በ2 ሜትር ባንድ (145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው) በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ ነው። ሪፒተሩ በ145.700 የሚያስተላልፍ ከሆነ እርስዎን የሚሰማው በ145.100 ላይ ነው። የመናገሪያ ቁልፉን ሲጫኑ ስክሪኑን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ወደ 145.100 መውረድ አለበት። ካልወረደ ልዩነቱን አስገብተው አቅጣጫውን ረስተውታል ማለት ነው። በብዙ ሬዲዮዎች ላይ 0.600 የሚገባበት ሜኑና «ቀንስ» የሚባልበት ሜኑ የተለያዩ ናቸው።

ቁጥሩ በትክክል ከወረደ ቀጥሎ የሚታየው ቶኑ ነው። ሪፒተሩ ከንግግርዎ ሥር ዝቅ ያለ ድምፅ ይጠብቃል፤ ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ካሉት አንዱን፣ ለምሳሌ 88.5ን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቶኑን በመቀበያው በኩል በማስገባት ነው። ሪፒተሩ ቶኑን መልሶ የማይልክ ከሆነ የእርስዎ ሬዲዮ ጭጭ ይላል፤ ያኔ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። መጀመሪያ በማስተላለፊያው በኩል ብቻ ያስገቡ።

ሁለት ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የሚከታተለውን አሠራርም ያጥፉት። በስክሪኑ ታችኛው መስመር ላይ ሲግናል ከገባ በኋላ ቁልፉን ሲጫኑ ሬዲዮው የሚናገረው በታችኛው መስመር ነው፤ እርስዎ ግን ሪፒተሩን የጠሩ ይመስልዎታል።

መድረስ አለመድረስዎን ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ። ቁልፉን ተጭነው አንድ ሰከንድ ይቆዩ፣ የጥሪ ምልክትዎን (ከፈቃድ ጋር የሚሰጠውን መለያ) ይናገሩና ይልቀቁት። ሪፒተሩ ከተከፈተ ከለቀቁ በኋላም ለአንድና ለሁለት ሰከንድ ማስተላለፉን አያቋርጥም፤ የሲግናል መለኪያው ሞልቶ ይቆያል፣ ከዚያ ይወርዳል። ይህን ካዩ ሬዲዮዎ ደህና ነው፤ የጎደለው የሚመልስ ሰው ነውና በሌላ ሰዓት ይሞክሩ።

ቻናሎቹን በኮምፒውተር ለማስገባት ቺርፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። መጀመሪያ ከሬዲዮው ያንብቡ፣ ያነበቡትን ሳይነኩ በአንድ ስም ያስቀምጡ፣ ለውጡን ሌላ ቅጂ ላይ ይሥሩ፣ ከዚያ ወደ ሬዲዮው ይጻፉ። ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል እንዳለ አይጻፉበት፤ ሞዴሉ አንድ መስሎ የውስጥ ሶፍትዌሩ ይለያያል። «ሬዲዮው አይመልስም» የሚል መልእክት ከመጣ ከሁሉ በፊት ሁለት ጣት ያለውን ስፒና ጠበቅ አድርገው ይግፉት። ሙሉ የገባ ይመስላል እንጂ የመጨረሻዋ አንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ውጪ ትቀራለች።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ሳይኖረኝ ሬዲዮ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ በብዙ አገር ማዳመጥና ማስተላለፍ በሕግ ይለያያሉ፤ መያዝ ራሱ የሚያስጠይቅበት አገርም ስላለ ከመግዛትዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ይጠይቁ። ለአማተር ባንድ፣ ማለትም ለሬዲዮ ወዳጆች ለተመደበው፣ ፈተናና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋል። የ2 ሜትር ባንድ በአውሮፓና በአፍሪካ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ነው። ሬዲዮው ከ136 እስከ 174 መናገር ይችል ይሆናል። መቻሉ ግን ፈቃድ አይደለም፤ በዚያ መሐል የአምቡላንስና የመርከብ መገናኛ አለ። ከቤተሰብ ጋር በእግር ጉዞ ላይ ለመነጋገር ብቻ ከሆነ ብዙ አገሮች ፈቃድ የማይጠይቅ ባንድ አላቸው። በአውሮፓ ፒኤምአር 446 የሚባለው 16 ቻናል ያለው ሲሆን ኃይሉ ከ0.5 ዋት አይበልጥም፣ አንቴናውም አይፈታም።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አንቴና በራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ባለ አምስት ሽቦው የሩብ ሞገድ አንቴና ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለ ነው። የሚያስፈልገው አራት ማዕዘን ያለው የኤስኦ-239 ሶኬት፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 3 ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ፣ አራት ትንንሽ ቡሎን ከነዳዷቸው፣ ካውያና ሊድ ነው። አንዱን ሽቦ 51 ሴንቲ ሜትር አድርገው በሶኬቱ መሐል ቀጥ አድርገው በሊድ ይበይዱት። አራቱን 53 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ጫፋቸውን ቀለበት አድርገው በአራቱ ማዕዘን በቡሎን ይሰሩ፤ ከዚያ በ45 ዲግሪ ወደ ታች ያዘንብሏቸው። ዝንባሌው ለመልክ አይደለም። አራቱ ሽቦዎች አግድም ሲሆኑ የአንቴናው ኢምፒዳንስ (ለሬዲዮ ሞገድ የሚያሳየው ተቃውሞ) 36 ኦም አካባቢ ነው፤ ሲያዘነብሉ ኬብሉ ወደሚፈልገው 50 ይጠጋል። የሽቦዎቹ ጫፍ በዓይን ቁመት ላይ ሊውል ይችላልና የፕላስቲክ ክዳን ያድርጉላቸው።

ሽቦው ሆን ተብሎ ረዘም ተደርጎ ተቆርጧል፤ የሚስተካከለው በኤስደብሊውአር መለኪያ ነው፤ ኤስደብሊውአር ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በዝቅተኛ ኃይል በ144.2፣ በ145 እና በ145.8 ላይ ይለኩ። ቁጥሩ በታችኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ እየጨመረ ከሄደ አንቴናው ረዝሟል ማለት ነው። ከመሐለኛው ሽቦ 3 ሚሊ ሜትር ይቁረጡና እንደገና ይለኩ። ሦስት ሚሊ ሜትር ፍሪኩዌንሲውን ወደ 0.9 ሜጋኸርዝ ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ በአንድ ጊዜ ሴንቲ ሜትር የቆረጠ ሰው ከባንዱ አልፎ ይሄዳል። ቁጥሩ 1.5 ከደረሰ ይበቃል፤ የሚመለሰው ኃይል 4 በመቶ ብቻ ነው። 2 ላይ 11 በመቶ፣ 3 ላይ ደግሞ 25 በመቶ ይመለሳል።

ኬብሉ ላይ ግን አይቆጥቡ። ብዙ ሰው አንቴናውን በጥንቃቄ ሠርቶ ትርፉን ኬብል ውስጥ ያፈሰዋል። 20 ሜትር ቀጭን አርጂ-58 በ145 ሜጋኸርዝ 4 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ ከ5 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 2 ዋት ነው። በ435 ሜጋኸርዝ አንድ ዋት እንኳ አይደርስም። ወፍራሙ አርጂ-213 በዚያው ርዝመት በ145 ከ3 ዋት በላይ ያደርሳል። ይባስ ብሎ ብዙ የሚበላ ኬብል መለኪያውን ያሳስታል። ከአንቴናው የሚመለሰው ኃይል በመንገድ ላይ ስለሚጠፋ ሬዲዮው ጋ ሲለካ ኤስደብሊውአሩ ያማረ ይመስላል። የሚቻል ከሆነ አንቴናው ሥር፣ በአጭር ኬብል ይለኩ።

ኮኔክተሩን ከበየዱ በኋላ፣ ከመስቀልዎ በፊት፣ በቴስተር መሐሉና የውጪው ጥልፍ አለመገናኘታቸውን ያረጋግጡ። አንዲት የጥልፍ ክር መሐሉን ከነካች አንቴናው ሾርት ነው። መጋጠሚያውን መጀመሪያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ በናስትሮ ይሸፍኑ። ጥቅሉ ከታች ወደ ላይ ይሂድ፤ እያንዳንዱ ዙር እንደ ጣሪያ ክዳን በታችኛው ላይ ይደረባል፣ ውሃም አይገባም። ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ ዝናቡ በየድርቡ ይሰርጋል፤ ጥልፉ አረንጓዴ ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር የማይነካበት ቦታ ይምረጡ። ሰማዩ ማጉረምረም ሳይጀምር ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅለው ከቤት ውጪ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ መኪና ላይ ያስገጠምኩት 50 ዋት ሬዲዮ ቁልፉን ስጫን ይጠፋል። ዝቅተኛ ኃይል ላይ ግን ይሠራል።

መልስ፦ ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ወስደው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ሲያስተላልፍ ከ10 እስከ 12 አምፒር ይስባል፤ የዚያ ሶኬት ሽቦ ለዚህ ቀጭን ነው። ቴስተሩን በሬዲዮው ጀርባ ባለው የኃይል ገመድ ላይ አድርገው ቁልፉን ይጫኑ። ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ከ12 በታች ከወረደ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ከባትሪ እስከ ሬዲዮ 5 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ12 አምፒር 1.4 ቮልት ያህል ይበላል። ባለ 4 ካሬው የሚበላው 0.5 ብቻ ነው። በቀጥታ ከባትሪው ይሳቡ። ፊውዙ ከባትሪው ጫፍ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ይሁን፤ ሬዲዮው አጠገብ ከሆነ በመሐል ያለው ሽቦ ቦዲ ሲነካ የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ እሳት ይነሳል።

ጥያቄ፦ የእጅ ሬዲዮዬ ባትሪ በግማሽ ቀን ያልቃል።

መልስ፦ 7.4 ቮልት የተጻፈበት ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ያሳያል። ቻርጅ ጨርሶ ከዚያ በታች ከቆመ ባትሪው ወይም ቻርጀሩ ታሟል። ባትሪው ካበጠ ዳግም ቻርጅ አያድርጉት። ደህና ከሆነ ደግሞ ስኩዌልቹ (ሲግናል በሌለበት ጊዜ ጫጫታውን የሚዘጋው) ክፍት ሆኖ ሲንሾካሾክ መዋሉን ያስተውሉ፤ ድምፅ ማጉያው ያለማቋረጥ ይሠራል ማለት ነው። ትርፍ ባትሪ ለወራት የሚቀመጠው በግማሽ ቻርጅ ነው።

ጥያቄ፦ «ድምፅህ አይሰማም፣ ጮክ በል» ይሉኛል። ስጮህ ደግሞ ይባስ ተቆራረጠ ይሉኛል።

መልስ፦ በኤፍኤም ጩኸት ድምፅ አይጨምርም፤ ሬዲዮው ከልክ ያለፈውን ይቆርጠዋል፣ የሚሰማውም የተቆራረጠው ነው። ማይክሮፎኑ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ በመጀመሪያ ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚናገረው ወደ ድምፅ ማጉያው ወንፊት ነው፤ ማይክሮፎኑ ግን መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው፣ አንዳንዴም በመያዣ ቦርሳው ቆዳ ይሸፈናል። ከአፍዎ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ትንፋሽዎ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን አድርገው፣ በተለመደ ድምፅ ይናገሩ። ቀጥሎ ሜኑ ውስጥ ጠባቡና ሰፊው የባንድ ስፋት ከሌሎቹ ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። እነሱ በሰፊው እርስዎ በጠባቡ ከሆናችሁ ድምፅዎ የግድ ዝቅ ይላል። ለውጡን ለመፈተን ሁለተኛ ሬዲዮ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ በዝቅተኛ ኃይል እየተናገሩ በስልክ ይቅዱት። በጣም ካቀራረቧቸው ተቀባዩ ስለሚጨናነቅ ደህናውም ድምፅ የተበላሸ ይመስላል።